ከጎንደር አሜሪካ የሚሄድ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፦ እዚህ የሚያልቀውና እዚያ የሚጠብቀው

ጎንደር ውስጥ ልጁን ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላ ያዛወረ ወላጅ ሥርዓቱን ያውቀዋል። መሸኛ ይጻፋል፣ ካርድ ይያዛል፣ ፎቶ ይጨመራል። መሸኛ ከሌለ ልጁ አይመዘገብም። ብዙ ቤተሰብ ይህንኑ ልማድ ይዞ አሜሪካ ይገባና፣ «ማስረጃው ከጎንደር እስኪመጣ» እያለ ልጆቹን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ቤት ያስቀምጣል። ልጁን የሚጎዳው ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤት የትምህርት ማስረጃ ጎደለ ተብሎ ልጅ አይመለስም፤ ልጁ ይገባል፣ ወረቀቱ ይከተላል።

ታዲያ ወረቀቱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ወረቀት የሚወስነው ልጁ መግባት አለመግባቱን ሳይሆን ከገባ በኋላ ያለውን ነው፦ ስንት ክትባት እንደሚደገምበት፣ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ድካሙ ይቆጠርለት ወይስ እንደ አዲስ ይጀምር የሚለውን። ያንን የሚወስነው ወረቀት ደግሞ ያለው እዚሁ ጎንደር፣ በየትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤትና በየጤና ጣቢያው የክትባት መዝገብ ውስጥ ነው። እዚህ በአካል ቀርቦ በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ጉዳይ፣ ከውቅያኖስ ማዶ በስልክና በዘመድ ሲሆን ወራት ይበላል። የቪዛው ነገር የየቤተሰቡ ነውና እዚህ አንገባበትም፤ የምንናገረው ስለ ልጆቹ ትምህርት ብቻ ነው።

ልጁ የመማር መብቱ ከየት ይመጣል

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 (እ.ኤ.አ.) በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅን በኢሚግሬሽን ሁኔታው ምክንያት ከትምህርት ሊከለክል አይችልም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ የመኖሪያ ፈቃድ ካላሳያችሁ አልመዘግብም ማለት አይችልም። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም (የአሜሪካ መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጠው መለያ ቁጥር) የመመዝገቢያ ግዴታ አይደለም። ቅጹ ላይ ክፍት ቦታ ካለ ባዶ መተው ይቻላል፤ ቁጥሩ እስኪመጣ ብሎ መጠበቅ በከንቱ ጊዜ ማባከን ነው።

ትምህርቱ በነጻ ነው። ከኪንደርጋርተን (ከ1ኛ ክፍል በፊት ካለው ዓመት) እስከ 12ኛ ክፍል የምዝገባ ክፍያ የለም፣ የመማሪያ መጻሕፍትም ትምህርት ቤቱ ያቀርባል። ደብተር፣ እርሳስና ቦርሳ የመሳሰሉትን ቤተሰብ ይገዛል፤ ለዚያም አቅም የሌለው ለትምህርት ቤቱ አማካሪ ቢነግር ብዙ ጊዜ የተዘጋጀ ነገር አለ።

ምዝገባው ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። በብዙ ቦታ ትምህርት የሚጀምረው በኦገስት መጨረሻ ወይም በሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ የሚያበቃውም በሜይ ወይም በጁን ነው። ይሁንና ኅዳር ላይ የደረሰ ልጅ ኅዳር ላይ ይገባል፤ ሚያዝያ ላይ የደረሰም እንዲሁ። «ለመስከረም እናስገባዋለን» ማለት ለእኛ አገር እንጂ ለዚያ አይሠራም። በብዙ ስቴት የግዴታ ትምህርት ዕድሜ ላይ ያለን ልጅ ያለ ምክንያት ቤት ማቆየት በሕግ ያስጠይቃል።

ከጎንደር ትምህርት ቤት ምን ይዞ መውጣት ያስፈልጋል

ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላለ ልጅ ያለፉት ሁለት ዓመታት ካርድ ይበቃል፤ ከ7ኛ ክፍል በላይ ላለ ግን ጉዳዩ ከባድ ነውና ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ፣ ማለትም ከ9ኛ እስከ 12ኛ፣ ተማሪ የሚመረቀው ክፍል በማለፍ ሳይሆን ክሬዲት በማጠራቀም ነው። አንድ ዓመት ሙሉ የተማረው አንድ የትምህርት ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ 1 ክሬዲት ይሆናል። ለመመረቅ በቨርጂኒያ ቢያንስ 22፣ በዋሽንግተን ዲሲና በዋሽንግተን ስቴት 24 ክሬዲት ያስፈልጋል። ከፋሲለደስ ወይም ከአዘዞ ሁለተኛ ደረጃ 10ኛን ጨርሶ የሄደ ተማሪ ትራንስክሪፕቱን (የየዓመቱን ውጤት ዝርዝር የያዘውን ማስረጃ) በሚገባ ካቀረበ የሁለት ዓመት ትምህርቱ ሊቆጠርለት ይችላል፤ ካላቀረበ በ17 ዓመቱ ከ9ኛ ክፍል ልጆች ጋር ሊቀመጥ ይችላል።

ስለዚህ ከመዝገብ ቤቱ የሚጠየቀው «ካርድ» ብቻ አይደለም። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ትራንስክሪፕት ነው፣ እያንዳንዱን ዓመትና እያንዳንዱን ሴሚስተር ለይቶ የሚያሳይ። ማህተም፣ የርዕሰ መምህሩ ፊርማና ቲተር ይኑርበት። ከዚህ በላይ ሦስት ነገሮች እንዲጻፉበት መጠየቅ ይገባል፤ ሦስቱንም ሰው ይረሳቸዋል።

የመጀመሪያው የውጤት አሰጣጡ ማብራሪያ ነው። እኛ ጋ የማለፊያ ነጥብ 50 ነው፤ በብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤት ከ60 በታች ወድቋል ማለት ነው። ማብራሪያ የሌለበት ትራንስክሪፕት ላይ 58 ያየ መዝጋቢ «አላለፈም» ብሎ ክሬዲቱን ይነሳል። «የማለፊያ ነጥብ ከ100 50» የምትል አንዲት መስመር ያንን ታድናለች። የልጁ ደረጃም ቢጻፍ ይጠቅማል፤ ከ60 ተማሪ 4ኛ የወጣ ልጅ 76 ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

ሁለተኛው የክፍለ ጊዜ ብዛት ነው። ብዙ ዲስትሪክት (የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት) ክሬዲትን የሚያሰላው በሰዓት ነው፤ የድሮው መለኪያ ለአንድ ክሬዲት 120 ሰዓት ትምህርት ነው። ፊዚክስ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ፣ አንዱ ክፍለ ጊዜ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ከተጻፈ አማካሪው መገመት አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ትምህርት የተቋረጠበት ጊዜ ነው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ውጭ ሆነው ቆይተዋል። ይህንን መደበቅ ልጁን አይጠቅመውም። ትምህርት ቤቱ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በጸጥታ ምክንያት ተዘግቶ ነበር» ብሎ በደብዳቤ ቢጽፍ፣ እዚያ ያሉት ልጁ ሰነፍ ሆኖ ወይም ወድቆ አለመሆኑን ያያሉ። ትምህርታቸው ለተቋረጠባቸው አዲስ መጤ ተማሪዎች የተለየ ድጋፍ የሚሰጡ ዲስትሪክቶችም አሉ፤ ድጋፉ የሚሰጠው ግን መቋረጡ ለታወቀ ልጅ ነው።

ካርዱ የጠፋበት ሰው ተስፋ አይቁረጥ። የክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ ውጤት በአንድ ላይ የሚሰፍርበት ሮስተር ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይቀመጣል፤ ትራንስክሪፕት የሚሠራውም ከእሱ ነው። የሚያስፈልገው ልጁ የተማረበትን ዓመተ ምሕረት፣ ክፍልና ምድብ በትክክል ማስታወስ ነው። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤትም ይካተት። በዓመቱ አጋማሽ የሚሄድ ልጅ የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ሮስተር ላይ እስኪሰፍር መጠበቅ ካልቻለ፣ መምህራኑ እስከዚያ የያዙት ነጥብ በደብዳቤ እንዲጻፍለት ይጠይቅ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፈራሚ ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ ክረምት ላይ የሚጓዝ ቤተሰብ ከሰኔ ሳይወጣ ቢጨርስ ይሻለዋል።

ከእያንዳንዱ ሰነድ ሁለት ዋና ቅጂ ማውጣት ጥሩ ነው፤ አንዱ በፖስታ ታሽጎ በፖስታው መክፈቻ ላይ ማህተም ያረፈበት፣ አንዱ ክፍት ሆኖ ቤተሰቡ የሚያየው። ሁለቱም በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሂዱ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጫ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ምዝገባ ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም፤ ለዚህ ብሎ አዲስ አበባ መመላለስ ግዴታ አይደለም። ይልቅ ጎንደር ለሚቀር ወንድም ወይም እህት ማስረጃ የማውጣት ውክልና ሰጥቶ መሄድ ይበልጣል። ውክልና ከውጭ ለመላክ በኤምባሲ በኩል ማለፍ አለበትና፣ በኋላ አንዲት ወረቀት ስትጎድል የምታስከፍለው ድካም ብዙ ነው።

ቀንና ስም

ከሰነድ ችግሮች ሁሉ የሚበዛው ከቀን አቆጣጠር የሚመጣው ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ልጁ የተወለደው ነሐሴ 10 ቀን 2007 ነው፤ በአውሮፓ ኦገስት 16 ቀን 2015። በ14ኛ ሳምንቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሦስተኛውን ፔንታ ወሰደ፤ ኅዳር 12 ቀን 2008 ነበር። ነርሷ ካርዱ ላይ 12/03/2008 ብላ ጻፈች። አሜሪካዊት የትምህርት ቤት ነርስ ወርን አስቀድማ ስለምታነብ ይህ ለእሷ «ዲሴምበር 3 ቀን 2008» ነው። ልጁ ከመወለዱ ከስድስት ዓመት በላይ ቀድሞ ተከተበ ማለት ነው! ክትባቱን ሳትቆጥር ትተወዋለች፤ በእሷ አይፈረድም። ትክክለኛው ቀን ኖቬምበር 22 ቀን 2015 ነበር።

መፍትሔው ከመሄድ በፊት እያንዳንዱን ቀን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር መልሶ፣ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ በእንግሊዝኛ አስጽፎ፣ ጤና ጣቢያው በማህተም እንዲያረጋግጠው ማድረግ ነው። በትምህርት ማስረጃውም ላይ እንዲሁ፤ «2017» ብቻ ከተጻፈ ስምንት ዓመት ያለፈበት ይመስላል፣ «2024/25» መባል አለበት። ቤተሰብ በራሱ እጅ ካርዱ ላይ መጨመር የለበትም። የተነካካ ካርድ ሙሉ በሙሉ ሊጣል ይችላል።

ስምም የራሱ ጣጣ አለው። የአሜሪካ ቅጽ ሦስት ሳጥን አለው፦ የመጀመሪያ፣ የመካከለኛና የመጨረሻ ስም። እነሱ የመጨረሻውን የቤተሰብ ስም አድርገው ይወስዱታል፤ እኛ ጋ ግን እናት የራሷ አባትና አያት ስም ስላላት ከልጇ ጋር የሚገናኝ ስም የላትም። «እናቱ ነዎት?» ተብላ ብትጠየቅ ክፉ ታስቦ አይደለም፤ የእናቱ ስም የተጻፈበት የልደት ምስክር ወረቀት መልሱ ነው። ኃይለ ሚካኤል፣ ገብረ ማርያም የመሰሉ ስሞች በክፍተት ሲጻፉ ሁለት ስም ተደርገው ይቆረጣሉ፣ «ሚካኤል» የአባት ስም ሆኖ ያርፋል። ስለዚህ የፓስፖርቱ አጻጻፍ፣ ፊደሉ ቢሳሳትም እንኳ፣ በትራንስክሪፕቱም በክትባት ወረቀቱም ላይ ፊደል በፊደል አንድ ዓይነት ይሁን። መዝገብ ቤት ሲኬድ የፓስፖርቱን ኮፒ ይዞ መሄድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ስለ ዕድሜ አንድ በግልጽ መባል ያለበት ነገር አለ። አንዳንድ ቤተሰብ ፓስፖርት ሲያወጣ የልጁን ዕድሜ ይቀንሳል ወይም ይጨምራል። ትምህርት ቤቱ የሚያምነው ፓስፖርቱን ነው። እውነተኛ ዕድሜው 17 ሆኖ 14 የተባለ ልጅ ከ8ኛ ክፍል ልጆች ጋር ይመደባል፣ በኋላም ማስተካከል እጅግ አስቸጋሪ ነው። ልጁ የራሱ ባልሆነ ዕድሜ ዓመታት ይኖራል።

ክትባት፦ በእርግጥ በር ላይ ሊያስቆም የሚችለው

ከሰነዶች ሁሉ ልጁን በእርግጥ ሊያዘገየው የሚችለው ክትባት ነው። መመሪያው ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ ብዙዎቹ ግን የጀመረና ቀጣይ ቀጠሮ የያዘ ልጅ ቀሪውን እየወሰደ እንዲማር ይፈቅዳሉ። ምንም ያልጀመረ ልጅ ግን ሊጠብቅ ይችላል።

የእኛ አገርና የእነሱ ክትባት የሚገጣጠምበትም የማይገጣጠምበትም ቦታ አለ። ፔንታ ዲፍቴሪያን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ሄፓታይተስ ቢንና ሂብን በአንድ ይዟል፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የተወሰዱት ይቆጠራሉ። ይሁን እንጂ አሜሪካ ከ1 ዓመት በኋላና በ4 ዓመት አካባቢ የሚሰጥ ተጨማሪ ስለምትጠይቅ፣ ሦስት ፔንታ ብቻ የወሰደ ልጅ የዲፍቴሪያ፣ የትክትክና የመንጋጋ ቆልፉ ይጨመርበታል። የሄፓታይተስ ቢ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ቢያንስ 16 ሳምንት ርቆ መሰጠት አለበት፤ የእኛ ሦስት ፔንታ በ8 ሳምንት ውስጥ ስለሚያልቅ አንድ ተጨማሪ ሄፓታይተስ ቢ የሚጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ኩፍኝ ላይ ብዙ ወላጅ ይናደዳል። በ9 ወር የተሰጠው አይቆጠርም፤ እነሱ የሚቆጥሩት ከ1 ዓመት በኋላ የተሰጠውን ነው። በዚያ ላይ የሚጠይቁት ኩፍኝን፣ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን በአንድ የያዘውን ክትባት ሁለት ጊዜ ነው፤ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 28 ቀን። የቺክን ፖክስ ክትባትም እኛ ጋ በመደበኛው መርሐ ግብር ስለሌለ ከመጀመሪያ ይጀመራል፤ ሁለት ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ቀጠሮ የሚያበላሽ ነገር አለ፦ እነዚህ ሁለቱ በሕይወት ካለ ቫይረስ የተሠሩ ስለሆኑ ወይ በአንድ ቀን መሰጠት፣ ወይ በ28 ቀን መራራቅ አለባቸው። አንዱ ዛሬ ሌላው በሳምንቱ ከተሰጠ ሁለተኛው አይቆጠርም፣ ይደገማል። ክሊኒክ ሲኬድ «ሁለቱንም ዛሬ» ማለት አንድ ወር ያድናል።

በጠብታ የሚሰጠው ፖሊዮም እንዲሁ ወሰን አለው። ከኤፕሪል 1 ቀን 2016 (መጋቢት 23 ቀን 2008) ጀምሮ የተሰጠው ጠብታ ሦስቱን የፖሊዮ ዓይነቶች ስለማይሸፍን በአሜሪካ አይቆጠርም፤ ከዚያ በፊት የተሰጠው ይቆጠራል። ከ2008 አጋማሽ በኋላ የተወለደ ልጅ አራት ጠብታ ቢወስድም የሚቆጠርለት በመርፌ የወሰደው ብቻ ነው፣ ቀሪውን በመርፌ ይጨርሳል።

የኢሚግራንት ቪዛ የጤና ምርመራ ላይ ለዕድሜው የሚገባው ክትባት ለልጁ ይሰጠዋል፣ ቀድሞ የወሰደውም ይመዘገባል። የዚያ የክትባት መዝገብ ቅጂ ለትምህርት ቤቱ ከሁሉ የሚበልጥ ወረቀት ነው፤ ቀኑ በአውሮፓ፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ፊርማው የታወቀ። ከምርመራው ሲወጡ ቅጂውን ይጠይቁ። ለኢሚግሬሽን የሚሰጥ የታሸገ ፖስታ ከተሰጣችሁ ግን እንዳይከፈት። ምርመራው ላይ ሄዶ የቀድሞ ካርድ ያላሳየ ልጅ ከዜሮ ስለሚጀመርበት፣ የጎንደሩ ጤና ጣቢያ ያረጋገጠው ካርድ አዲስ አበባ ይዞ መሄድ ይገባል።

የክትባት ካርድ ጨርሶ የማይገኝ ከሆነ ይደገማል፤ የተከተበውን መልሶ መከተብ ልጁን አይጎዳውም። በአንድ ቀን አራትና አምስት መርፌ ማየት ያስደነግጣል፣ የተለመደ አሠራር ነው። ዕድሜው ከ19 በታች ሆኖ የጤና መድን የሌለው ወይም ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ያለው ልጅ ክትባቱን በነጻ የሚያገኝበት የፌዴራል ፕሮግራም አለ። ወደ ካውንቲው (እንደ ወረዳ ያለ የአካባቢ አስተዳደር) የጤና ቢሮ ደውሎ መጠየቅ ነው። የቲቢ ምርመራ የሚጠይቅ ዲስትሪክትም አለ፤ ክንድ ላይ የቢሲጂ (የቲቢ ክትባት) ጠባሳ ያለው ልጅ በቆዳ ምርመራ በስሕተት ፖዘቲቭ ሊል ስለሚችል የደም ምርመራው እንዲደረግለት ይጠየቅ። ቢሲጂ በደም ምርመራው ላይ ተጽዕኖ የለውም።

እዚያ ሲደረስ

አሜሪካ ውስጥ ልጅ የሚማርበትን ትምህርት ቤት የሚወስነው የመኖሪያ አድራሻ ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ ወሰን አለው፤ አድራሻውን ለዲስትሪክቱ ቢሮ ወይም ድረ ገጽ ሲሰጡ ትምህርት ቤቱን ይነግራል። ከውጭ አገር የመጣ ተማሪ በቅድሚያ ወደ አንድ ማዕከላዊ የምዝገባ ቢሮ የሚላክባቸው ዲስትሪክቶች አሉና፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከመሄድ በፊት መደወል ይሻላል።

የሚያዘው የልጁ ፓስፖርት ወይም የልደት ምስክር ወረቀት፣ የወላጅ መታወቂያ (ፓስፖርት ይበቃል)፣ የክትባት መዝገብ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ እና አድራሻ የሚያሳይ ወረቀት ነው። የሚያስቸግረው የመጨረሻው ነው። የኪራይ ውል ወይም የመብራት ቢል ይጠየቃል፤ አዲስ የመጣ ቤተሰብ ግን ዘመድ ቤት ነው ያረፈው፣ በስሙ ምንም የለውም። ለዚህ መንገድ አለ፦ የቤቱ ባለቤት ወይም ተከራይ «እነዚህ ሰዎች እኔ ጋ ይኖራሉ» ብሎ የሚፈርምበት ቅጽ ከዲስትሪክቱ ይገኛል፣ የራሱን ውል ወይም ቢል ያያይዝበታል። ዘመድየው አከራዬ ያውቅብኛል ብሎ እንዳይፈርም የሚፈራበት ጊዜ አለና ከመሄድ በፊት በስልክ መነጋገር ያስፈልጋል። የሌላ ሰው አድራሻ በሐሰት መጻፍ ግን ልጁን በኋላ ከትምህርት ቤቱ ያስወጣዋል።

በኢኮኖሚ ችግር ምክንያት ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተጠግተው የሚኖሩ፣ በመጠለያ ወይም በሞቴል ያሉ ልጆች ደግሞ በፌዴራል ሕግ የተለየ ጥበቃ አላቸው። ማኪኒ ቬንቶ የሚባለው ይህ ሕግ ትምህርት ቤቱ ልጁን ወዲያውኑ እንዲያስገባ ያስገድዳል፤ የአድራሻ፣ የትምህርትም ሆነ የክትባት ወረቀት ባይኖርም። በየዲስትሪክቱ ለዚህ የተመደበ ሠራተኛ አለ።

ከቅጾቹ አንዱ ስለ ቤት ቋንቋ ይጠይቃል፦ ልጁ መጀመሪያ የተናገረው ቋንቋ ምንድን ነው፣ ቤት ውስጥ የሚነገረውስ? አንዳንድ ወላጅ ልጁ እንዳይናቅበት «እንግሊዝኛ» ብሎ ይሞላል። ይህ ልጁን እጅና እግሩን አስሮ መልቀቅ ነው። «አማርኛ» ብሎ የጻፈ ልጁ የእንግሊዝኛ ፈተና ይፈተናል፤ ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ። ከ35 በላይ ስቴቶች ዊዳ የተባለውን መመዘኛ ይጠቀማሉ፣ ደረጃው ከ1 እስከ 6 ነው። ዝቅ ያለ ውጤት ያመጣ ልጅ ተጨማሪ የእንግሊዝኛ ትምህርት በነጻ ያገኛል፣ በየዓመቱም እየተፈተነ ሲበቃ ይወጣል። የልጁን የማሰብ ችሎታ የሚለካ ፈተና አይደለም፣ ክፍልም አያስደግምም። ትምህርት ቤቱ ውጤቱን በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ከሆነ በ30 ቀን፣ በመሐል ለገባ ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለወላጅ ማሳወቅ አለበት።

ወላጁም በሚገባው ቋንቋ የመነጋገር መብት አለው። ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ያሉት የሞንትጎመሪ ካውንቲና የአሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች በአማርኛ መረጃ ያወጣሉ፤ ሌላም ቦታ ቢሆን «የአማርኛ አስተርጓሚ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፣ ክፍያ የለውም። ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ አይገባም፤ ስለ ራሱ ጥፋት የሚነገረውን ልጅ ራሱ ተርጉሞ ሲነግር ምን እንደሚቀር ማንም ያውቃል።

ስንተኛ ክፍል?

በታችኛው ክፍል ልጅ የሚመደበው በዕድሜው ነው፣ በተማረበት ክፍል አይደለም። ያንኑ ነሐሴ 10 ቀን 2007 የተወለደውን ልጅ እንመልከት። እኛ ጋ በ7 ዓመቱ መስከረም 2015 1ኛ ክፍል ገባ፤ በ2018 4ኛ ክፍል ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ስቴት እስከ ሴፕቴምበር 1 ድረስ 5 ዓመት የሞላውን ኪንደርጋርተን ስለሚያስገባ፣ እኩዮቹ በዚያው ዓመት 5ኛ ክፍል ናቸው። ስለዚህ 5ኛ ይገባል። በግጭቱ አንድ ዓመት ጠፍቶበት 3ኛ ላይ ቢሆንም 5ኛ ይገባል። ወላጆች «አይችልም፣ ዝቅ አድርጉልን» ይላሉ፤ ዲስትሪክቶች ብዙ ጊዜ አይቀበሉም፣ እኛም የሚሻለው ከእኩዮቹ ጋር መሆኑ ነው እንላለን። የጎደለውን ድጋፍ መጠየቅ ግን ይቻላል፣ ይገባልም።

ከ9ኛ በላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ክሬዲት ነው የሚመድበው። አማካሪው ትራንስክሪፕቱን አይቶ የትኛው እንደተቆጠረ በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠየቅ፣ ያልተቆጠረውም ለምን እንደሆነ። የጎንደር ተማሪ በሒሳብና በሳይንስ ብዙ ጊዜ የሚጠበቅበትን ያህል ተምሯል፤ እንግሊዝኛው ደካማ ስለሆነ ብቻ የተማረውን አልጀብራ እንዲደግም ከተደረገ በሒሳብ መፈተን ይጠይቅ። አማርኛም ዋጋ አለው፦ በብዙ ዲስትሪክት በፈተና የውጭ ቋንቋ ክሬዲት ያስገኛል፣ በአብዛኛው ስቴትም በዲፕሎማ ላይ የሚታተም የሁለት ቋንቋ ማህተም ያሰጣል።

18 የሞላው ልጅ አለቀለት ማለት አይደለም። በብዙ ስቴት እስከ 20 ወይም 21 ዓመት ድረስ በነጻ መማር ይቻላል፤ ኒውዮርክ እስከ 21 ነው። «ሥራ ይግባ» ከመባሉ በፊት ዲስትሪክቱ ይጠየቅ። 12ኛን ጨርሶ የሄደ ግን የጨረሰ ተብሎ ሊታይ ስለሚችል፣ ማስረጃውን ይዞ ወደ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የአካባቢ ኮሌጅ) መሄድ ይሻለው እንደሆነ አስቀድሞ ቢያስብበት ጥሩ ነው።

የቀሩ ጉዳዮች

የምሳ ቅጽ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ይሞላ፤ በቤተሰቡ ገቢ መጠን ምሳ በነጻ ወይም በቅናሽ ይሆናል፣ ለሁሉም ልጅ በነጻ የሚሰጡ ትምህርት ቤቶችም አሉ። የሚጾም ልጅ፣ በተለይ በ55ቱ ቀን ዐቢይ ጾም፣ ሥጋና ወተት እንደማይበላ በጽሑፍ ይነገር፤ የአሳማ ሥጋ የማይበላም እንዲሁ። ለገና፣ ለጥምቀት ወይም ለዒድ የሚቀር ልጅ አስቀድሞ ደብዳቤ ከተጻፈለት በሃይማኖት ምክንያት የተፈቀደ ቀሪ ይባላል።

ልጁ ከወላጁ ጋር ሳይሆን ከአጎቱ ወይም ከእህቱ ጋር የሚኖር ከሆነ ትምህርት ቤቱ የአሳዳጊነት ማስረጃ ይጠይቃል። የጎንደር ፍርድ ቤት የሰጠው የሞግዚትነት ውሳኔ ካለ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ይያዝ።

አካል ጉዳት ወይም የመማር ችግር ያለበት ልጅ ወላጅ የሐኪም ማስረጃውን ይዞ ሄዶ፣ «ልጄ እንዲመረመርልኝ እጠይቃለሁ» ብሎ በጽሑፍ ያመልክት። ምርመራው በነጻ ነው፤ ወላጁ ፈቃዱን ከፈረመ በኋላ ስቴቱ ሌላ ገደብ ካላወጣ በ60 ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። በቃል የተነገረ ግን ቀን አይቆጠርለትም። ልጁን ደብቆ ማስገባት የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም፤ በዚህ ምክንያት የሚመለስ ልጅ የለም።

ትምህርት ቤቱ አልመዘግብም ቢል ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠየቅ፣ የተነጋገሩት ሰው ስምና ቀኑ ይያዝ። ከትምህርት ቤቱ ጸሐፊ በላይ የዲስትሪክቱ የምዝገባ ቢሮ አለ፣ ከዚያ በላይ የስቴቱ ትምህርት መምሪያ። ብዙ ጊዜ እምቢታው ከጸሐፊዋ አለማወቅ የመጣ ነውና ዲስትሪክቱ ጋ ሲደወል በዚያው ቀን ይፈታል። በዘር፣ በትውልድ አገር ወይም በቋንቋ ምክንያት ተከለከልን የሚሉ ወላጆች ለፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ጽሕፈት ቤት አቤት ማለት ይችላሉ፤ ነገሩ ከተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ።